ባለቀለም የጨው ሐይቅን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ፦ ቀለሙን ሳታጡ፣ መኪናውን ማጥ ሳትከቱ

ሮዝ ሐይቅ አያለሁ ብሎ ሦስት ሰዓት ነድቶ፣ ግራጫ ውሃ አይቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ሐይቁ አልዋሸም፤ ቀኑ ወይም ሰዓቱ አልተመረጠም። ሌሎች ደግሞ ቀለሙን ያገኙታል፤ ግን መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ወይም ዓይናቸው ውስጥ ጨው ገብቶ ቀሪው ቀን በእንባ ያልቃል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ሂዱባቸው። ደረጃ 1 እና 2ን ሳትጨርሱ መኪና አትከራዩ፣ ለጓደኛም ቀን አትቁረጡ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ዓይነት ሐይቅ እንደሆነ ለዩ

ቀለሙ ከየት ይመጣል? በአብዛኞቹ ሮዝና ቀይ የጨው ሐይቆች ቀለሙን የሚሰጡት ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ዱናሊየላ ሳሊና የሚባለው አልጌ ጨውና ፀሐይ ሲበረታበት ራሱን ለመከላከል ቤታ ካሮቲን ያከማቻል፤ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ያው ንጥረ ነገር ነው። ጨው ወዳድ የሆኑ ሌሎች ጥቃቅን ተሕዋስያን ደግሞ ቀዩን ይጨምራሉ። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ እነዚህ ሐይቆች ደምቀው በሚታዩበት ጊዜ ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ይይዛሉ። ስለዚህ ጨው ሲጠግብ፣ ፀሐይ ሲበረታ ቀለሙ ይመጣል፤ ዝናብ ሲያቀጥነው ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው ምክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ባለቀለም የሆነ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከመምረጣችሁ በፊት ሐይቁን ከእነዚህ በአንዱ መድቡት።

ሀ. ለቀን ጉዞ የሚመች። ሴኔጋል ያለው ሬትባ ከዳካር ብዙም አይርቅም። ስፔን ውስጥ የቶሬቪዬሃ ሮዝ ሐይቅ ከከተማው ጥግ ነው፤ መዋኘት ግን ክልክል ነው። የቱርኩ ቱዝ ሐይቅ ከአንካራ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ አብዛኛው ክፍሉ ይደርቃል።

ለ. በቀን ጉዞ ስም የሚሸጥ ግን የማይሆን። የምዕራብ አውስትራሊያው ኸት ላጉን ከፐርዝ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደርሶ መልሱ ብቻ ቀኑን ይበላዋል፤ አቅራቢያው ካሉት ካልባሪ ወይም ጄራልድተን አድሩና ከዚያ ተነሱ። እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ ያለው ሂሊየር ሐይቅ ደግሞ የሚገኘው ደሴት ላይ ስለሆነ በመኪና አይደረስበትም፤ የሚታየው በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ነው። የቦሊቪያው ላጉና ኮሎራዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,200 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከቆላ ተነስቶ በዚያው ቀን መውጣት ራስ ምታትና ማስታወክ ሊያስከትል ይችላል።

ሐ. የሚታይ እንጂ የማይነካ። የታንዛንያው ናትሮን ውሃ እጅግ አልካላይን ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ደግሞ ቀለማቸው የድኝ፣ የብረትና የጨው ነው፤ ፒኤቻቸው (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበረታል) ከ1 በታች የሚወርድ አሉባቸው። እዚያው አፋር ውስጥ ከሚገኘው ከአሳሌ የጨው ሐይቅ ጋር አታምታቷቸው። አሳሌ ላይ ሰው ይራመዳል፤ ዳሎል ላይ መሪ ከረገጠበት ውጪ እግር አይነሳም።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ሳይሆን ቀኑን ያዙ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አንድ ምሽት ስጡት።

1. የደረቁን ወቅት መጨረሻ አልሙ። ለወራት ሲተን የቆየ ውሃ ጨዉ ይጠግባል፣ ቀለሙም ይደምቃል። ነገር ግን ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች በወቅቱ ማብቂያ ጨርሰው ሊደርቁ ይችላሉ፤ ያኔ የምታገኙት ነጭ ሜዳ ነው። የሚፈለገው ውሃው አንሶ ገና ሳያልቅ ያለው ጊዜ ነው።

2. ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ዝናብ ፈትሹ። ከባድ ዝናብ ከጣለ ጉዞውን አዘግዩ። ሬትባ እ.ኤ.አ. በ2022 በጎርፍ ተጥለቅልቆ ሮዝነቱን አጥቶ ነበር፤ ያኔ የቆየ ፎቶ አምኖ የሄደ ሁሉ ባዶ እጁን ተመልሷል። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ኤስፔራንስ ከተማ አጠገብ ያለው ፒንክ ሌክ ስሙ እስካሁን ሮዝ ሐይቅ ነው፤ ውሃው ግን ሮዝ መሆን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በስም አትሂዱ።

3. የሳተላይት ምስል ተመልከቱ። ኮፐርኒከስ ብራውዘር የተባለውን ነፃ ገጽ ክፈቱ፤ የሐይቁን ስም ፈልጉ፤ ሴንቲኔል 2 የተባለውን ሳተላይት ምረጡ፤ የደመናውን መጠን ዝቅ አድርጉና የቅርቡን ቀን ውሰዱ። በየአምስት ቀኑ ገደማ አዲስ ምስል ይመጣል። ከዚያ ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ወር አውጥታችሁ አወዳድሩ።

ጥንቃቄ፦ ምስሉ «ትሩ ከለር» በሚለው ላይ መሆኑን አረጋግጡ። «ፎልስ ከለር» ላይ ከሆነ ሣርና ዛፍ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ቀይ አየሁ ብላችሁ ትነሱና ሜዳ ላይ ትደርሳላችሁ። ስልክ ላይ ያለው የካርታ መተግበሪያ የሚያሳየው የሳተላይት ምስልም ዕድሜው ዓመታት ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ለማየት እንጂ ቀለም ለማየት አይሆንም።

4. የጎብኚዎችን ፎቶ በአዲስነቱ ደርድሩ። ካለፉት አሥር ቀናት ያልሆነውን ዝለሉ። ሰማዩ ወይን ጠጅ፣ የሰው ቆዳ ብርቱካን የመሰለበት ፎቶ በማቅለሚያ የተነካካ ስለሆነ አይቆጠርም።

5. የነገውን ደመናና ነፋስ እዩ። ሰማዩ የጠራ፣ ነፋሱ በግምት በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ይሁን። ጠንካራ ነፋስ የታችኛውን ጭቃ ያነሳና ውሃውን ቡናማ ያደርገዋል፤ አረፋም ወደ ዳር ይሰበስባል።

ቀኑ ካልተስማማ፦ ሰርዙ። የሆቴልም የመኪናም ቀጠሮ ሲደረግ ከክፍያ በፊት «ቀን መቀየር ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሐይቁ ነጭ ቢሆንም የሚያስደስተው ሁለተኛ መዳረሻ በመንገዱ ላይ ይያዝ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ

ቀለሙ የሚታየው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት። የውጭ የጉዞ ገጾች 10 ሰዓት ብለው የሚጽፉት የእኛን 4 ሰዓት ነው፤ ይህን አምታቶ አመሻሽ ላይ የደረሰ አለ። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትገባ ሰማዩ ያምራል፤ ውሃው ግን የሰማዩን ቀለም ነው የሚያንጸባርቀው።

መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ከሦስት ሰዓት አይብለጥ፤ ከበለጠ የቀን ጉዞ አትበሉት። ለምሳሌ መንገዱ ከነእረፍቱ 3 ሰዓት ቢሆን፦

ጠዋት 1 ሰዓት መነሻ፤ ረፋድ 4 ሰዓት መድረሻ፤ እስከ 8 ሰዓት ቆይታ፤ ከዚያ 30 ደቂቃ መታጠቢያ፤ 8:30 መመለሻ፤ 11:30 ቤት።

ነዳጅ ከመጨረሻው ከተማ ሙሉ። የሐይቁን መግቢያ ነጥብ፣ የማቆሚያውንና የዋናውን መንገድ መገንጠያ ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱ። ጨው ሜዳ ላይ ምልክት የለም፤ አቅጣጫም ይጠፋል።

ደረጃ 4፦ ዕቃ

ውሃ ከሁሉ ይቀድማል። ለመጠጥ በሰው 4 ሊትር፤ ሐይቅ ውስጥ ለሚገባ ለመታጠቢያ በሰው 5 ሊትር፤ ለድንገተኛ 10 ሊትር በጋራ። አራት ሰው ከሆናችሁ 16 ሊትር የሚጠጣ፣ በተጨማሪም አንድ ባለ 20 እና አንድ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። «እዚያ እንገዛለን» አትበሉ።

ልብስ፦ ሰፊ፣ ስስ፣ እጀ ሙሉ። ባርኔጣው ዙሪያውን ሰፊ ይሁን። ጨው ብርሃንን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልስ ባርኔጣ ብቻውን አይበቃም፤ የፀሐይ ክሬም አገጭ ሥር፣ አፍንጫ ሥርና ጆሮ ኋላ ቀቡ፤ ከቤት ስትወጡ አንዴ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ። ጥቁር መነጽር ግዴታ ነው፤ ፖላራይዝድ (ነጸብራቅ የሚቀንስ) ከሆነ በደረጃ 7 ሌላ ሥራ አለው።

ጫማ፦ ሁለት ጥንድ። አንዱ ለመንዳት፣ ሌላው ሶሉ ወፍራም ሆኖ ለጨው የሚሠዋ። የጨው ክሪስታል እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል፤ በቁስሉ ላይ ደግሞ ጨው ነው። ነጠላ ጫማ ጭቃው ይነጥቃችኋል።

የቀረው፦ የአንድ ሜትር ተኩል ጠንካራ ዱላ፣ ቫዝሊን፣ ፎጣ፣ የሚታሰሩ የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)። ለመኪናው አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ፣ የጎማ አየር መለኪያና መንፊያ። ቀለበትና ሰዓት ቤት ይቅር። ሽንት ቤትም ጥላም እንደማይኖር አስባችሁ ተነሱ።

ደረጃ 5፦ መኪናውን አቁሙ፤ ከጠበቃችሁት ቀድማችሁ

የጨው ንጣፍ ከሩቅ አስፋልት ይመስላል። ከሥሩ ግን ብዙ ጊዜ እርጥብ ጭቃ አለ፤ ላዩ ሰውን ይሸከማል፣ መኪናን አይሸከምም። የሌላ መኪና ጎማ ያለፈበት መሆኑም ማረጋገጫ አይደለም፤ ያለፈው በደረቁ ወር ሊሆን ይችላል።

1. ጠጠሩ ወይም ጠንካራው አፈር ሲያልቅ ቁሙ። ነጩ ከተጀመረበት ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ።
2. መኪናውን ፊቱን ወደ መውጫ አዙራችሁ አቁሙ።
3. ፎር ዊል ነው ብላችሁ አትግቡ። ፎር ዊል ራቅ ብሎ ይሰምጣል እንጂ አይተርፍም።

ከሰመጠ፦
ሀ. ጎማው ባዶውን ሲዞር ነዳጅ መርገጥ ወዲያው አቁሙ። እያንዳንዱ ዙር ወደ ታች ነው።
ለ. ሰውም ዕቃም ይውረድ።
ሐ. መውጫው በመጣችሁበት ነው፤ ስለዚህ ከጎማዎቹ ኋላ ያለውን ጭቃ በአካፋ ዛቁ።
መ. መንፊያ ካላችሁ የጎማውን አየር ወደ 15–18 ፒኤስአይ አውርዱ። ጎማው ይሰፋና ክብደቱን ያከፋፍላል። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ንፉ።
ሠ. የመኪናውን ምንጣፍ ገልብጣችሁ ሞተሩ በሚያዞራቸው ጎማዎች ሥር፣ በመውጫው በኩል አስገቡ። ከመኪናው ኋላ ማንም አይቁም።
ረ. ማርሽ ኋላ፣ በጣም በዝግታ፣ በራሳችሁ ዱካ።

የመኪናው ሆድ ጭቃው ላይ ከተቀመጠ ግን ተዉት። ጎታቹ መኪና ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ ገመዱ ለመጎተቻ በተሠራው ቀለበት ላይ ብቻ ይታሰር፤ ገመዱ ሲወጠር ሰው በአቅራቢያው አይገኝ። የተበጠሰ ገመድ ይገድላል።

ደረጃ 6፦ ዳሩን በዱላ ሂዱበት

ነጭ፣ ደረቅና ሻካራ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ይሸከማል። ግራጫ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ወይም ዙሪያው ቡናማ የሆነ ቦታ ስስ ነው። ከፊታችሁ በዱላው ውጉ፤ ዱላው በቀላሉ ከአንድ ስንዝር በላይ ከገባ አቅጣጫ ቀይሩ። በረድፍ ሂዱ፤ ልጅ ከፊት አይሂድ።

እግር እስከ ጉልበት ከገባ፦ ቀጥ ብላችሁ አትሳቡት፤ ሌላው እግር ይገባል። ወደ ኋላ ተቀመጡ ወይም ተጋደሙ፤ የገባውን እግር እየነቀነቃችሁ ውሃና አየር እንዲገባ አድርጉ፤ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ጫማው ከቀረ ይቅር። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ።

ፍላሚንጎ ካለ ቢያንስ 200 ሜትር ራቁ። መንጋው አንገቱን ሽቅብ ካቆመና በአንድነት መራመድ ከጀመረ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ቆም በሉ፣ ወደ ኋላ ሂዱ። ጎጆው የጭቃ ቁልል ነው፤ እንቁላሉን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። በመራቢያ ወቅት ድሮን በፍጹም አይነሳ። የጨው ማምረቻ ግድቦች የሰው ንብረት ናቸው፤ ሠራተኛ ካለ ሰላም ብላችሁ የት መቆም እንደሚቻል ጠይቁ፤ ከማንኛውም ካርታ የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 7፦ ቀለሙን እዩ፣ ከዚያ ፎቶ አንሱ

«ቀለም የለውም» የሚለው ቅሬታ በብዛት የሚሰማው ከውሃው ዳር ከቆመ ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ውሃን በአግድም ስታዩት ሰማዩን እንደ መስታወት ይመልስላችኋል፤ ከላይ ወደ ታች ስታዩት ግን ውስጡን ያሳያችኋል። ዳር ላይ ያለው ውሃ ደግሞ ስስ ስለሆነ ቀለም አይቋጥርም። በብርጭቆ ብትቀዱትም ንጹሕ ሊመስል ይችላል።

1. ከፍታ ፈልጉ፤ የሦስትና የአራት ሜትር ጉብታ እንኳን ልዩነት አለው።
2. ፀሐይን ከኋላችሁ ወይም ከጎናችሁ አድርጉ።
3. ፖላራይዝድ መነጽራችሁን በስልኩ ሌንስ ፊት ያዙና ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ነጸብራቁ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ቀለሙ ብቅ ይላል። ባለ ካሜራው ፖላራይዘር ፊልተሩን በዚሁ መንገድ ያዙረው።
4. የካሜራውን ነጭ ሚዛን (ኋይት ባላንስ) ወደ «ዴይላይት» ቀይሩ። አውቶማቲክ ከተተወ ካሜራው ሮዙን ስህተት መስሎት ያርመዋል። ዓይናችሁ ያየውን ፎቶው ያላሳየው ለዚህ ነው።
5. ውሃው ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን በጥቂቱ ዝቅ አድርጉ። ፍሬሙ በነጭ ጨው ከተሞላ ግን ካሜራው ሁሉን ያጠቁራል፤ ያኔ በጥቂቱ ከፍ አድርጉ።

አሁንም ካልታየ፦ ደመና ካለ እስኪያልፍ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ሌላው ዳር ሂዱ። ሐይቁ በግድብ የተከፋፈለ ከሆነ ኩሬዎቹን በየተራ እዩ፤ ጨዉ ያነሰበት አረንጓዴ፣ የጠገበበት ቀይ ይሆናል። የአሜሪካው ታላቁ የጨው ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1959 በተሠራ የባቡር ግድብ ስለተከፈለ ሰሜኑ ሮዝ፣ ደቡቡ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል፤ በተሳሳተው ወገን ቆሞ የሚያማርር አይጠፋም።

ደረጃ 8፦ መግባት የተፈቀደ ከሆነ ብቻ ግቡ

ከመግባታችሁ በፊት፦ በዚያው ቀንም ሆነ ባለፈው ቀን አትላጩ። ቁስል ካለ አትግቡ። ኮንታክት ሌንስ አውልቁ። ብብትና ጭን መካከል ቫዝሊን ቀቡ፤ የሬትባ ጨው አውጪዎች ለሰዓታት ውሃ ውስጥ የሚቆሙት ከሺአ ፍሬ የሚወጣ ቅቤ ተቀብተው ነው። ንጹሕ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ውጪ በቆመ ሰው እጅ ይሁን።

1. እየተራመዳችሁ እስከ ጭን ግቡ፤ አትዝለሉ፣ አትርጩ።
2. እንደ ወንበር ቁጭ በሉና በጀርባ ተንሳፈፉ።
3. በሆድ አትገልበጡ። ውሃው እግርን ወደ ላይ ስለሚገፋ ፊትን ከውሃ ማውጣት ያስቸግራል፤ ዋና የሚችል ሰው እንኳ በዚህ ይደነግጣል።
4. ለመቆም ጉልበታችሁን ወደ ደረት ሳቡ፣ ወደ ፊት ዘንበል በሉ፣ እግራችሁን አውርዱ።
5. በ15 ደቂቃ ውስጥ ውጡ። ልጆች እግራቸውን ብቻ ይንከሩ።

ዓይን ውስጥ ከገባ፦ አትሹት፤ እጃችሁም ጨው ነው። አንገታችሁን ወደ ጎን አዘንብላችሁ፣ ንጹሕ ውሃ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጪ ሳይቋረጥ ይፍሰስበት። ማቃጠሉ ካልቆመ 15 ደቂቃ ቀጥሉ። ከዚያም እይታ ከደበዘዘ ሐኪም።

ከተዋጠ፦ አፍ ይታጠብ፤ አታስመልሱት። ጉንጭ ከሞላ በላይ ከዋጠ፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ «ደህና ነኝ» ቢልም ወደ ሕክምና ውሰዱት። ጨው የጠገበ ውሃ የደምን ሚዛን ያናጋል፤ ምልክቱ ዘግይቶ ይመጣል።

ሙቀት ከመታ፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ብዙ ላብ ካለ ጥላ፣ ኦአርኤስና ዕረፍት። ሰውየው ነገር ከተምታታበት፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ድንገተኛ ነው፤ ልብሱን አላሉ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ አምቡላንስ ጥሩ ወይም ንዱ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም።

ደረጃ 9፦ ጨዉን እዚያው ተዉት

ከደረቀ በኋላ ቆዳ ይሰነጥቃልና ከመኪናው አጠገብ ወዲያው ታጠቡ፤ መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ፊት፣ ከዚያ ሌላው። ጫማውን በከረጢት እሰሩ። መቀመጫው ላይ ፎጣ አንጥፉ።

ስልክና ካሜራ በደረቅ ጨርቅ አይወለወሉ፤ ክሪስታሉ መስታወቱን ይጭረዋል። በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ አድርቁ። የስልኩ ቻርጅ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ኬብል አትሰኩ። የካሜራ ትራይፖድ እግሮቹ ተፈትተው ይታጠቡ፤ አለዚያ በሳምንቱ አይዘረጉም።

መኪናውን በዚያው ምሽት፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጠዋት እጠቡት። አጣቢው ላዩን አሳምሮ እንዳይለቃችሁ፤ ከሥር፣ የጎማ ቤቶቹን፣ የበሮቹን ታችኛ ጠርዝና የፍሬኑን አካባቢ ብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ያፍስስበት። ሲጨርስ አጭር ርቀት ንዱና ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ ዲስኩ ይደርቃል። ጭቃ የረገጠ መኪና ከሆነ በሁለተኛው ቀን ሥሩን እንደገና አሳጥቡት፤ በመጀመሪያው ያልለቀቀ ጭቃ ጨዉን ይዞ ይቀራል።